ሰፈራችሁ ያለው ራማላያም ሲጠራችሁ፦ በቪሳካፓትናም ለሚኖር ሐበሻ የተዘጋጀ መመሪያ

በህንድ ምሥራቅ ጠረፍ ባለችው ቪሳካፓትናም ወደሚገኘው አንድራ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት የሚመጣ ሐበሻ ብዙውን ጊዜ ቤት የሚከራየው ማዲላፓሌም፣ ቺና ዋልቴር ወይም ኤም ቪ ፒ ኮሎኒ ነው። ሻንጣውን ፈትቶ ሳይጨርስ ገና በማለዳው የሰፈሩ ቤተ መቅደስ ድምፅ ማጉያ ይቀሰቅሰዋል። ወር ሳይሞላው ደግሞ ምድር ቤት የሚኖሩት አከራይ እናት በሩን አንኳኩተው «ነገ ጉዲ እንሄዳለን፣ አንተም ና» ይሉታል። ጉዲ በቴሉጉ ቋንቋ ቤተ መቅደስ ነው። ጭንቀቱም እዚያው ይጀምራል። ብሄድ ምን አድርግ እባላለሁ? ሃይማኖቴስ? ብቀርስ ቅር ይላቸው ይሆን?

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እዚያ ከተማ በቆየሁባቸው አምስት ዓመታት ከአከራዬ ጋር ወደ ሰፈራችን ራማላያም፣ ራማ ወደሚባለው አምላክ ቤተ መቅደስ፣ ስመላለስ ኖሬያለሁ፤ አትክልት ከትፌያለሁ፣ ወንበር ተሸክሜያለሁ፣ በብዙ ማዕድ ተቀምጫለሁ። አንድም ቀን ግን ያላመንኩበትን አምልኮ አልፈጸምኩም፣ ማንም አስገድዶኝ አያውቅም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ ያላመናችሁበትን በሰውነታችሁ አታስመስሉ፣ እነሱ ያመኑበትን ደግሞ በግዴለሽነት አትንኩ። እነዚህን ሁለቱን የጠበቀ ሰው የትኛውም የሰፈር ጉዲ ቢገባ አያፍርም፣ አያሳፍርም።

የትኛው ጉዲ፣ በየትኛው ቀን

በቴሉጉ አገር ራማላያም የሌለው መንደር ማግኘት ይከብዳል። ራማላያም የራማ ቤት ማለት ነው። መሐል ላይ ራማ ቀስቱን ይዞ ይቆማል፣ ሚስቱ ሲታና ወንድሙ ላክሽማና በግራና በቀኙ ይሆናሉ፣ የዝንጀሮ መልክ ያለው ሐኑማን ደግሞ እጆቹን አጣምሮ እግራቸው ሥር ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ የቪናያካ፣ ማለትም የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻ፣ ትንሽ ቤት አለ። ሌላው በየሰፈሩ የሚገኘው የሺቫ ቤት፣ ሺቫላያም፣ ነው። ቀኖቹም የተከፋፈሉ ናቸው። ሰኞ ለሺቫ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ለሐኑማን፣ ዓርብ ለእናት አማልክቱ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ለቬንካቴሽዋራም ይሆናል።

የሰፈር ጉዲ ቀኑን ሙሉ ክፍት አይደለም። በማለዳ ይከፈትና ረፋዱ 5 ወይም 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ አምላኩ ዕረፍት ላይ ነው ይባላል። ማታ 11 ሰዓት አካባቢ እንደገና ተከፍቶ እስከ ምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ይቆያል። (ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱት በበዓል ቀን ባይሆን እመርጣለሁ። በአዘቦት ቀን ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱ። ሰው ይቀንሳል፣ ካህኑ አይቸኩሉም፣ ያላወቃችሁትን የሚያስረዳችሁ ሰው ታገኛላችሁ።

«የውጭ ዜጋ ይገባል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የሰፈር ጉዲዎች ማንነታችሁን አይጠይቁም። ኦዲሻ ውስጥ ፑሪ ያለው የጃጋናት ቤተ መቅደስና ኬረላ ውስጥ ያለው ጉሩቫዩር ግን ሂንዱ ያልሆነን ሰው ወደ ውስጥ አያስገቡም፤ ሄዶ መከራከር አያስፈልግም። ቲሩማላ ላይ ባለው የቬንካቴሽዋራ ቤተ መቅደስ ደግሞ ሂንዱ ያልሆነ እንግዳ በአምላኩ እንደሚያምን የሚገልጽ ወረቀት እንዲፈርም ይጠየቃል። የክፍል ጓደኞቻችን «ፎርማሊቲ ነው፣ ፈርም» ይሉናል። እኔ አልፈረምኩም፣ እናንተም እንድትፈርሙ አልመክርም። በራሳችሁ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በር ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖርና አንድ ሰው ሳያምን ቢፈርምበት ምን እንደሚሰማችሁ አስቡት።

ከቤት ሳትወጡ

ገላችሁን ታጠቡ። ይህ የመጀመሪያውና ዋናው ነገር ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ላብ በላብ ሆኖ ቀጥታ መግባት አይሆንም። በዚያ ቀን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና መጠጥ አይቀመስም። ጾም ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሥጋ የለበትም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። በቤተ መቅደስ ምግብ ውስጥ ቅቤ፣ ወተትና እርጎ በብዛት ይገባል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። «ዛሬ ኡፓቫሳም ነኝ» ካላችሁ፣ ጾም ላይ ነኝ ማለት ነው፣ ሁሉም ወዲያው ይረዳችኋል፤ እንዲያውም ያከብሯችኋል። ጾምን ለቴሉጉ እናቶች ማስረዳት አያስፈልግም።

ልብስ ላይ፣ ወንድ ረጅም ሱሪና ሸሚዝ ከለበሰ ይበቃል፤ ቁምጣ አይሆንም። ሴት ሳሪ የግድ አያስፈልጋትም፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ካለ በቂ ነው። የአበሻ ቀሚስ ለብሳችሁ ብትሄዱ ደስታቸው ወሰን የለውም፣ ጥለቱን እየነኩ ይጠይቋችኋል። ብቻ ሙሉ ነጭ የሆነውን ትታችሁ ቀለም ያለው ጥለት የተሠራበትን ልበሱ፤ በእነሱ ዘንድ ሙሉ ነጭ ከመበለት ልብስ ጋር የተያያዘ ነው። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት እንደማትገባ በብዙ ቤት ልማድ ነው። ማንም አይጠይቃችሁም፤ ልማዱን ለማክበር ከፈለጋችሁ ግን «ዛሬ አይመቸኝም» ማለት ይበቃል። ከቀብር የመጣ ሰውም እንዲሁ ሳይታጠብ አይገባም።

ባዶ እጅ ላለመሄድ

ግዴታ አይደለም፤ ግን ባዶ እጅ መሄድ ለእኛም ይከብደናል። በር ላይ አበባ የሚሸጡ ሴቶች ተቀምጠዋል። ጃስሚን በክር ተሰክቶ የሚሸጠው በኪሎ ሳይሆን በሙራ ነው። ሙራ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው፣ የእኛው ክንድ! ሻጯ አበባውን በራሷ ክንድ ላይ ዘርግታ ስትለካ ሳይ አያቴ አቡጀዲ ስትለካ ትዝ አለችኝ፤ ያቺ ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ አልሆነችብኝም። አበባውን ከገዛችሁ በኋላ አታሽትቱት። ለአምላክ የሚቀርብ አበባ መዓዛውን ቀድሞ ሰው አይወስደውም ይባላል። ይህን ሳላውቅ አፍንጫዬ ላይ ሳስጠጋ አከራዬ አማጋሩ እጄን ቀስ አድርገው ዝቅ አደረጉት። (አማ እናት ነው፤ ጋሩ የአክብሮት ማከያ ነው። አከራያችሁን፣ የጓደኛችሁን እናትና የሰፈር ሽማግሌን ያለ ጋሩ አትጥሩ።)

ኮኮናት፣ ሙዝ፣ ዕጣንና ካምፎር የያዘ ቅርጫትም ይሸጣል። ይህ ግን ለአምልኮ የሚቀርብ መሥዋዕት ነው፤ በስማችሁ ይቀርባል። ይህን ለማትፈልጉ ለቤቱ አገልግሎት የሚውል ነገር ውሰዱ። እኔ ለማዕዱ የሚሆን ሙዝ ወይም ሩዝ እወስድ ነበር። ገንዘብ ከሰጣችሁ በድፍን ቁጥር አይሁን፤ 11፣ 21፣ 51 ወይም በቴሉጉዎች ልማድ 116 ሩፒ ይሰጣል። ከመቶው በላይ ያለችው 16 ለበረከት ናት። ለሠርግ ስትጠሩም ፖስታው ውስጥ የምታስገቡት በዚሁ መንገድ ነው።

ከበር እስከ መቅደሱ

ጫማ ውጭ ይወልቃል። ይህን ለእኛ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የእግር መታጠቢያ ቧንቧ ካለ እግራችሁን ታጠቡ። የቆዳ ቀበቶና ቦርሳ የሚከለክሉ አንዳንድ ጉዲዎች አሉ። በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ላይ የግቢው ድንጋይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ጧት ወይም ማታ ሂዱ ያልኩበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ስልካችሁን ዝጉ። ግቢውን ፎቶ ማንሳት በፈቃድ ይቻላል፤ መቅደሱን ግን በጭራሽ።

የበሩን መድረክ ተሻገሩት እንጂ አትርገጡት። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለውን ደወል ገቢው ሁሉ አንዴ ይደውለዋል፤ እናንተ ብታልፉት የሚታዘባችሁ የለም። ፊት ለፊት ረጅም ምሰሶ ከቆመ ድዋጃ ስታምባም፣ የሰንደቅ ምሰሶው፣ ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ መቅደሱን በቀኙ አድርጎ ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ ይህም ፕራዳክሺና ይባላል። በሰዓት አቅጣጫ ነው፤ እንግዳም ቢሆን በተቃራኒው አይሄድም። የማትዞሩ ከሆነ ሰው በማይበዛበት ጥግ ቁሙና አሳልፏቸው።

ሺቫላያም ከሆነ ሁለት ነገር ጨምሩ። በመቅደሱ ፊት የተኛው የድንጋይ በሬ ናንዲ ነው፤ በእሱና በመቅደሱ መካከል አቋርጣችሁ አትለፉ። ምስሉ የታጠበበት ውሃ የሚፈስበትንም ቦይ አትሻገሩት፤ ሰዉ እዚያ ሲደርስ ተመልሶ የሚዞረው ለዚህ ነው።

መቅደሱ ፊት ስትቆሙ

ዋናው ቦታ ይህ ነው፤ ሰው የሚደነጋገረውም እዚህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገር።

መቅደሱ ጠባብና ጨለማ ነው፣ የዘይት መብራት ብቻ ይበራበታል። ወደዚያ የሚገቡት ካህኑ ብቻ ናቸው። ፑጃሪ ወይም ፓንቱሉጋሩ ይባላሉ። ሕዝቡ በግራና በቀኝ ተሰልፎ መሐሉን ክፍት ይተወዋል፤ ከኋላ ያለው ሰው እንዲያይ ነው። ማየት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ዳርሻናም ይሉታል፦ አምላኩን ማየትና በአምላኩ መታየት። ስለዚህ መሐል ላይ አትቁሙ። ረጅም ቁመት ያላችሁ ደግሞ ግድግዳ ተጠግታችሁ ቁሙ።

ካህኑን እንዳትነኳቸው ተጠንቀቁ። ታጥበው ለአገልግሎት በተለየ ንጽሕና ላይ ናቸው፣ ማዲ ይባላል፤ ልብሳችሁ እንኳ ቢነካቸው እንደገና መታጠብ ሊኖርባቸው ይችላል። ቄስ ቀድሰው እስኪወጡ የሚጠበቀውን ጥንቃቄ አስታውሱ። ካህኑ የሚሰጡትን ነገር ከላይ ወደ መዳፋችሁ ጣል ቢያደርጉት ንቀት አይደለም። ለጎረቤታችሁም፣ ለባለ ሥልጣኑም የሚሰጡት እንደዚያው ነው። አንዳንድ ልጆቻችን ይህን የቆዳ ቀለም ጉዳይ አድርገው ቅር ብሏቸው ሲወጡ አይቻለሁ፤ የሚያስረዳቸው ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ አርቻና ይመጣል። ካህኑ የቤተሰቡን ስም፣ ጎትራውን፣ ማለትም የዘር ሐረጉን፣ እና የተወለዱበትን ኮከብ ጠይቀው በስማቸው ይጸልያሉ። ጎረቤታችሁ በደግነት የእናንተንም ስም ሊያስጠሩ ይችላሉ። ካልፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ ንገሯቸው። እኔ አማጋሩን ያልኳቸው «የእርስዎን ስም ሲጠሩ አብሬ እቆማለሁ፤ የእኔን እኔው በቤቴ እጸልያለሁ» ነው። ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቁ። በህንድ ይህ እሺ ማለት ነው፣ እንቢ አይደለም።

ከዚያ ደወል ይደወላል፣ ካህኑ የካምፎር መብራት በአምላኩ ፊት ያዞራሉ፤ ሃራቲ ነው። መብራቱ ወደ ሕዝቡ ሲመጣ እያንዳንዱ በነበልባሉ ላይ መዳፉን ዘርግቶ ዓይኑን ይዳስሳል። ቀጥሎ ቲርታም ይታደላል። ምስሉ የታጠበበት፣ ቱልሲ የሚባል ቅጠልና የሚበላ ካምፎር ያለበት ውሃ ነው፤ በትንሽ ማንኪያ ቀኝ መዳፍ ላይ ይፈሳል፣ ሳይንጠባጠብ ይጠጣል፣ የተረፈው እርጥበት ራስ ላይ ይደረጋል። በራማና በቪሽኑ ቤቶች ደግሞ ሻታሪ አለ። ከብር ወይም ከመዳብ የተሠራ ዘውድ የመሰለ ክዳን ሲሆን በላዩ የአምላኩ የእግር ምልክት አለበት፤ ካህኑ በየሰዉ ራስ ላይ ለቅጽበት ያኖሩታል። በመጨረሻ ለግንባር የሚሆን ቀይ ኩምኩም ይሰጣል።

እነዚህ አምስቱ አምልኮ ናቸው። «ባህል ነው» ብላችሁ ራሳችሁን አታታሉ፤ ለእነሱ ባህል ብቻ አይደለም። ሃይማኖታችሁ የማይፈቅድ ከሆነ ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፣ ሁለት እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፣ ካህኑ እናንተ ጋ ሲደርሱ ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ በለሆሳስ «ቫዳንዲ» በሉ። «አልፈልግም» ማለት ነው፤ «አንዲ» የምትለዋ መጨረሻ የእኛ አንቱታ ናት። ሳያቋርጡ ያልፋሉ። ሊሆን የማይገባው ውሃውን ተቀብሎ ከጀርባ ማፍሰስ ነው። ከመከልከል ይልቅ ተቀብሎ መድፋት መቶ ጊዜ ይከፋል። አንዱ ሰው ጥግ ላይ ሲያፈስ አንዲት አሮጊት አይተው የሳሪያቸውን ጫፍ አውጥተው ወለሉን ሲጠርጉ ያየሁበትን ምሽት አልረሳውም። አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሥርዓቱ ሲያልቅ ዘሎ መውጣት የለም። ሰዉ ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ ወይም ደረጃው ላይ ጥቂት ይቀመጣል። እናንተም ተቀመጡ። እግራችሁን ወደ መቅደሱ አትዘርጉ፤ አጣጥፋችሁ ተቀመጡ። ጨዋታ የሚጀመረው እዚያ ነው፦ ከየት መጣህ፣ እናት አባት አሉ ወይ፣ አገርህ ሩዝ ይበላል ወይ? ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ዘንድ ኢትዮጵያ ሲባል ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ እኛ አገር ያስተማረ የህንድ መምህር ዘመድ የሚያነሱ አይጠፉም፤ ለአባቶቻችን ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩት እነሱ ናቸውና። ስለ ክትፎና ጥሬ ሥጋ ግን እዚያ ጨዋታ አይነሳ።

ፕራሳዳምና ማዕድ

ፕራሳዳም ለአምላኩ ቀርቦ ለሕዝቡ የሚታደል ምግብ ነው። በታማሪንድና በእርድ የተሠራ ፑሊሆራ የሚባል ሩዝ፣ እርጎ የገባበት ዳዶጃናም፣ በጃገሪ (ከሸንኮራ አገዳ በሚሠራ ያልተጣራ ስኳር) እና በቅቤ የበሰለ ቻክራ ፖንጋሊ የሚባል ሩዝ፣ አንዳንዴም ላዱ የሚባል ድቡልቡል ጣፋጭ። የመብላትና ያለመብላት ጥያቄ ለእያንዳንዱ ሰው ነው። «ለጣዖት የተሠዋ» የሚለውን የሐዋርያውን ቃል አንብበን ያደግን ሰዎች እንደ ቀላል አናየውም፣ ሙስሊም ወንድሞቻችንም እንዲሁ። የንስሐ አባታችሁን ወይም የሃይማኖት መምህራችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሳህኑ ፊት ቆሞ መወሰን አያምርም። የማትበሉ ከሆነ «ቫዳንዲ» በሉ። በግድ እጃችሁ ላይ ከተቀመጠ በቀኝ እጅ ወይም በሁለት እጅ ተቀብላችሁ አጠገባችሁ ላለ ሰው ስጡ፤ ሰጪም ተቀባይም ደስ ይለዋል። መሬት ላይ ወይም ቆሻሻ ውስጥ መጣል ግን ትልቅ ድፍረት ነው።

በበዓል ቀን ደግሞ አናዳናም አለ፣ ለሁሉም የሚታደል የምሳ ማዕድ። ደሃ ሀብታም፣ ነዋሪ መንገደኛ ሳይባል ሁሉም በአንድ ረድፍ መሬት ላይ ይቀመጣል። የሙዝ ቅጠል ወይም ከቅጠል የተሰፋ ሳህን፣ ቪስታራኩ፣ ፊታችሁ ይዘረጋል። ውሃ ረጭ አድርጋችሁ በእጃችሁ አብሱት። ጥግ ላይ ጨው፣ ከዚያ ጣፋጭ፣ አትክልት፣ ፑሊሆራ፣ ነጭ ሩዝ ከምስር ወጥና ከቅቤ ጋር፣ ቀጥሎ ሳምባር የሚባል የምስርና የአትክልት መረቅ፣ መጨረሻ ላይ እርጎ ይመጣል። እርጎ ከመጣ ማዕዱ አለቀ ማለት ነው። ለሁሉም ሳይደርስ መጀመር ነውር ነው። በቃኝ ለማለት እጃችሁን ቅጠሉ ላይ ዘርጋ አድርጋችሁ «ቻላንዲ» በሉ። ካላላችሁ እስክትነሱ ድረስ ይጨምሩላችኋል።

በእጅ መብላት ለእኛ ትምህርት አያስፈልገውም፣ ቀኝ እጅ መሆኑንም እናውቃለን። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ኤንጊሊ ይባላል። አፍ የነካው፣ ወይም የሚበላበት እጅ የነካው ምግብ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ስለዚህ ማዕዱ ላይ እያላችሁ የማቅረቢያውን ጭልፋ በቀኝ እጃችሁ አትንኩ፤ ውሃ ከጋራ ብርጭቆ ስትጠጡ ከንፈር ሳታስነኩ ከላይ አንቆርቁሩ። ጉርሻ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም። በመጀመሪያው ዓመት አጠገቤ ለተቀመጠ ለአማጋሩ የልጅ ልጅ ከቅጠሌ ጠቅልዬ ላጎርሰው እጄን ዘረጋሁ፤ ረድፉ ሁሉ ጸጥ አለ። ልጁ አያቱን አየ። አማጋሩ ሳቅ ብለው በቴሉጉ አንድ ነገር አሉና ጸጥታው ተፈታ። ማታ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ጉርሻ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው፣ እሳቸውም ኤንጊሊ ምን እንደሆነ አስረዱኝ። ለእኛ ፍቅር የሆነው እጅ ለእነሱ የንጽሕና ድንበር ነው። ሁለቱም ስለ ምግብ ክብር መሆኑ ገባኝ።

ስትጨርሱ ቅጠሉን ወደ ራሳችሁ እጠፉት፤ ጠግቤያለሁ፣ ተደስቻለሁ ማለት ነው።

ከእንግድነት ወደ ጎረቤትነት

ሰፈርተኛው ከልቡ የሚቀበላችሁ ሥራ ስትይዙ ነው። ከማዕዱ በፊት በነበረው ሌሊት ግቢው ውስጥ ሽንኩርት ለሌለበት ወጥ አትክልት ይከተፋል፣ ሩዝ ይለቀማል፣ ወንበርና ድንኳን ይተከላል። ልክ የሰንበቴ ዋዜማ ነው። ሄዳችሁ «ምን ልሥራ?» በሉ። ወጥ ቤት የሚያስገቡት የታጠበ ሰው ብቻ ነው፤ መግባት ካልቻላችሁ ምግብ አቅራቢ ሁኑ። ባልዲ ይዞ ከረድፉ ጋር እየሄዱ ሩዝ ማቅረብ ሰፈሩን በአንድ ቀን የምታውቁበት መንገድ ነው። ይህ ከአምልኮ ጋር አይምታታባችሁ፤ ሰው ማብላት ነው። ሴት እህቶቻችን ደግሞ በማለዳ ደጃፍ ላይ በሩዝ ዱቄት የሚሣለውን ሙጉ ይማራሉ። ሥዕሉ የሚመራበት የነጥብ አቆጣጠር ከባድ ነው፣ ሳምንት ይወስዳል።

የበዓላቱን ዙር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ዘመን መለወጫቸው ኡጋዲ ይመጣል። በዚያ ቀን የኒም አበባ፣ ጃገሪ፣ ታማሪንድ፣ ጥሬ ማንጎ፣ ቃሪያና ጨው የተቀላቀለበት ስድስት ጣዕም ያለው ፓቻዲ ይቀመሳል፤ መጪው ዓመት መራራም ጣፋጭም ይዞ ይመጣል ለማለት ነው። ከኡጋዲ በዘጠነኛው ቀን ስሪ ራማ ናቫሚ ነው፣ ለራማላያም ትልቁ በዓል። የራማና የሲታ ሠርግ በድንኳን ሥር እንደ እውነተኛ ሠርግ ይደገሳል፣ በእርድ የተለወሰ ሩዝ ይዘራል። ፓናካም የሚሉት የጃገሪ፣ የቁንዶ በርበሬና የሄል ውሃ ከተነከረ የሙንግ ምስር ጋር ይታደላል። በዚያ ሙቀት አንድ ብርጭቆ ፓናካም ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የቀመሰው ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ያን ቀን በባድራቻላም የራማ ቤተ መቅደስ የሚደረገውን ሠርግ ይከፍታል። ያንን ቤተ መቅደስ በ17ኛው መቶ ዘመን የሠራው ካንቸርላ ጎፓና በመንግሥት ገንዘብ ሠራህ ተብሎ ጎልኮንዳ ምሽግ ውስጥ ታስሮ ነበር፤ እስር ቤት ሆኖ የዘመራቸውን መዝሙሮች አማጋሩ ሩዝ እየለቀሙ ያንጎራጉሯቸዋል።

ቪናያካ ቻቪቲ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ይውላል፣ ከእንቁጣጣሻችን ጋር ይጎራበታል። ከሳምንታት በፊት የሰፈሩ ወጣቶች ደረሰኝ ይዘው ቻንዳ፣ መዋጮ፣ ሊጠይቁ ይመጣሉ። ስጡ፤ እንግዳ ነኝ ብላችሁ በር አትዝጉ። ስማችሁ ደረሰኙ ላይ ሲጻፍ የሰፈሩ ሰው ሆናችሁ። ለድንኳን፣ ለመብራትና ለማዕድ ብላችሁ መስጠታችሁን ንገሯቸው፣ ግድ የላቸውም። የጋኔሻ ምስል ለጎረቤት ልጅ እንድትገዙ ከተጠየቃችሁ ከሸክላ ጭቃ የተሠራውን ጠቁሙ። በበዓሉ ፍጻሜ ምስሉ ባሕር ውስጥ ይጠልቃል፤ በቀለም የሚያብረቀርቀው የጀሶ ምስል ግን ባሕር ውስጥ አይሟሟም፤ ከበዓሉ ማግስት የከተማው ባሕር ዳርቻ አር ኬ ቢች ላይ ሞገድ እጅና ኩምቢውን እየመለሰ ሲተፋው ማየት ለራሳቸውም ልብ ይሰብራል። ወደ ባሕር የሚሄደው ሰልፍ ላይ ከበሮና የሚረጭ ቀለም አለ፤ ጥሩ ልብስ አትልበሱ።

ከሰፈር ወጣ ስትሉ ሲምሃቻላም አለ፣ ከከተማው ዳር ያለ ኮረብታ ላይ። እዚያ ያለው የናራሲምሃ፣ ማለትም የቪሽኑ አንበሳ ራስ ያለው መልክ፣ ምስል ዓመቱን ሙሉ በሰንደል እንጨት ቅባት ተሸፍኖ ይኖራል፤ መልኩ የሚታየው በአክሻያ ትሪቲያ ዕለት፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ሰልፉ የሚያልቅ አይደለም፣ ለመጀመሪያ ጉብኝት አይሆንም። በሌላ ቀን ሄዳችሁ የድንጋይ ቅርጹን እዩ፤ ግድግዳው ላይ ካሉት ጽሑፎች ጥንታዊው ከ1098 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው እዚያ ቆሞ የሚያስበው ብዙ አለው። በሐምሌ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ዋዜማ ደግሞ ሕዝቡ ኮረብታውን በእግሩ ይዞራል፣ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዱ ዳር ቆሞ ውሃና ብስኩት ለተጓዡ ማደል ሁሉም የሚሳተፍበት ነው። እኛ ሐበሾች አንድ ዓመት ገንዘብ አዋጥተን የውሃ ጀሪካን አቆምን፤ ማንነታችንን የጠየቀ አልነበረም፣ ጠጥተው አመስግነው አለፉ።

ሳህኑ ሲመለስ

በበዓል ማግስት አማጋሩ በብረት ሳህን ምግብ ይልካሉ። በላችሁም አልበላችሁም ሳህኑ ባዶውን አይመለስም። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የሆነ ነገር ተደርጎበት ይመለሳል። የበሰለ ምግብ አታድርጉበት፤ ወጥ ቤታችሁ ሥጋ የገባበት ስለሆነ ለመቀበል ይቸገራሉ፣ ለመከልከልም ያፍራሉ። ስኳር፣ ሙዝ ወይም ያልተቆረጠ ፍራፍሬ ሁልጊዜ ያስኬዳል።

እኔ አንድ ጊዜ ከአገር የመጣልኝን ጥሬ ቡና ሞልቼ መለስኩ። ከከተማው ወደ ተራራው ስትወጡ አራኩ ሸለቆ ቡና ይበቅላል፣ ስለዚህ ቡና ለእሳቸው አዲስ አልነበረም፤ ጥሬውን ፍሬ ሳህን ሙሉ ሲያዩ ግን ገረማቸው። ዘሩ ከእኛ አገር እንደወጣ ነገርኳቸው። በማግስቱ ማታ «አንተ ና ቁላው» ብለው ምድር ቤት ጠሩኝ። እሳቸው ምጣዱን አጥበው አዘጋጅተው ነበር፣ ወተቱም ተጥዶ ነበር። ወተት እንዳይገባበት ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቁና ወተቱን ጨመሩበት።